ብልጭታው የማን ጥገኛ ነው?

(ሜሪላንድ ውስጥ፣ በአንድ አነስተኛ አውሮፕላን ማረፊያ ዳር ያለ ሃንጋር። መሐንዲሷ ከነክፍሎቹ ገዝታ በገዛ እጇ የገጣጠመቻት ባለሁለት መቀመጫ አርቪ-9ኤ አውሮፕላን አለቻት፤ ሞተሯ ባለ160 ፈረስ ጉልበት ላይካሚንግ ኦ-320 ነው። መካኒኩ የእናቷ ወንድም ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የተማሪ አውሮፕላኖችን ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ወጥቷል።)

መሐንዲሷ፦ ጋሼ፣ ዛሬ የጠራሁዎት ለቡና ብቻ እንዳይመስልዎት። ሁለቱንም ማግኔቶ አውልቄ በቦታቸው ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን ልገጥም አስቤያለሁ።

መካኒኩ፦ ቡናው ይቅደም። ለመሆኑ ማግኔቶዎቹ ምን በደሉሽ?

መሐንዲሷ፦ የ500 ሰዓት ምርመራቸው ደርሷል። ወይ ከፍቶ ለሚያድሳቸው እከፍላለሁ፣ ወይ በዚያው ገንዘብ ላይ ጨምሬ አዲስ ነገር እገዛለሁ። መኪናዬ እኮ ፑንቲና የሚባል ነገር አታውቅም። አውሮፕላኔ ግን ዛሬም ከእርስዎ የድሮዋ ቮልስ ጋር አንድ ዓይነት ብልጭታ ነው የምታወጣው።

መካኒኩ፦ እዚያ ላይ ቁሚ! የቮልሷ ፑንቲና የሚቆርጠው ከባትሪ የመጣ ኤሌክትሪክ ነው። ባትሪው ሲሞት ወርደሽ ትገፊያለሽ። ማግኔቶ ግን ኤሌክትሪኩን የሚሠራው ራሱ ነው። ሞተሩ ማግኔቱን ያዞራል፣ ቦቢናው ውስጥ ኃይል ይፈጠራል፣ ፑንቲናው በሚከፍትባት ቅጽበት ያ ኃይል ይቆረጥና ካንዴላው ላይ እሳት ሆኖ ይወጣል። ባትሪ አያውቅ፣ ዲናሞ አያውቅ፣ የአንቺን ባለቀለም ስክሪን አያውቅ። ፕሮፔለሩ እስከዞረ ድረስ እሳት አለ። የራይት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1903 ሲበርሩ፣ ቻርልስ ቴይለር የሠራላቸውን ሞተር ያስነሡት በባትሪና በቦቢና ነው። ከተነሣ በኋላ ግን ባትሪውንም ቦቢናውንም መሬት ላይ ትተዋቸው ነው የሄዱት። አየር ላይ ያገለገላቸው ማግኔቶ ነበር።

መሐንዲሷ፦ ክብደት ለመቀነስ ይሆናላ!

መካኒኩ፦ ለምንም ይሁን። ከባትሪ ጋር ያለው ዝምድና መሬት ላይ ነው ያለቀው።

መሐንዲሷ፦ እሺ፣ ማግኔቶ አይከዳም እንበል። ግን ደግሞ ምንም አይማርም። የሞተሬ ታርጋ 25 ዲግሪ ይላል። ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ ክራንክ ሻፍቱ 25 ዲግሪ ሲቀረው እሳት ይሰጣል ማለት ነው። በደቂቃ 2,700 ዙር ላይ ያቺ 25 ዲግሪ አንድ ሚሊሰከንድ ተኩል ገደማ ናት። ጋዙን እስከ ጥግ ገፍቼ ስነሣ፣ ሲሊንደሩ በወፍራም አየር ሲሞላ፣ ልክ ነው፤ ጥሩ ቁጥር ነው። 9 ሺህ ጫማ ላይ ወጥቼ ቤንዚኑን ሳሳንሰውስ? የሚገባው አየር ስስ፣ ድብልቁም ስስ። ስስ ድብልቅ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚነደው። ቀስ ብሎ ለሚነድ ነገር ቀደም ብሎ እሳት መስጠት ያስፈልጋል፤ 30፣ 35፣ አንዳንዴም ወደ 40 የሚጠጋ ዲግሪ። ማግኔቶው እዚያው 25 ላይ ተቸንክሯል። ቤንዚኑ ነድዶ ሳያልቅ ፒስተኑ ወርዷል፤ የተረፈው ሙቀት በጭስ ማውጫው ይሄዳል። የምከፍልበት ቤንዚን ነው እኮ።

መካኒኩ፦ ይህንን ለእኔ? ቦሌ 2,334 ሜትር ላይ ነው ያለው። ባሕር ጠለል ላይ የአየሩ ግፊት 30 ኢንች ሜርኩሪ ያህል ሲሆን፣ ቦሌ ላይ ከ23 በታች ነው። ተማሪው ጋዙን እስከ ጥግ ገፍቶ፣ ጎማው ገና ከአስፋልቱ ሳይለቅ፣ ሞተሩ የሚተነፍሰው አንቺ እዚህ 7 ሺህ ተኩል ጫማ ወጥተሽ የምታገኚውን አየር ነው። ያ 25 ዲግሪ ለእኛ አገር እንዳልተሰፋ እናውቅ ነበር። ግን ፋብሪካው አንድ ቁጥር ብቻ ምረጥ ከተባለ፣ በየትኛውም ቦታ ሞተሩን የማይጎዳውን ነው የሚመርጠው። በወፍራም አየር ላይ እሳቱ ቢፈጥን ምን እንደሚሆን አንቺም ታውቂያለሽ።

መሐንዲሷ፦ ዲቶኔሽን። ድብልቁ በሥርዓት በመንደድ ፋንታ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል፤ ፒስተኑን ይበሳል።

መካኒኩ፦ ደቂቃም አይፈልግ። እንግዲህ ጥቅሙ ላይ አልከራከርሽም። የት እንደሆነ ብቻ ልብ በይ፤ ከላይ፣ በጉዞ ላይ ነው። ዝቅ ባለ ቦታ ሙሉ ጉልበት ስትጠይቂ የኤሌክትሮኒኩ ሣጥንሽም ያው ማግኔቶው የሚሰጠውን 25 ነው የሚሰጥሽ፤ ከዚያ ካለፈ ደግሞ ሣጥኑ ራሱ ነው የሚያስፈራኝ። ስትነሺ ፈረስ ጉልበት እጨምርልሻለሁ የሚልሽ ሻጭ ካለ ጠርጥሪው።

መሐንዲሷ፦ አስነሣሡስ? ማግኔቶ ቀስ ብሎ ሲዞር እሳት የለውም። ለዚያ ነው ግራው ላይ ኢምፐልስ የሚባለውን ስፕሪንግ የጨመሩበት፤ ማግኔቱን ይይዘውና ጠ! አድርጎ ይለቀዋል። ኤሌክትሮኒኩ ግን ፕሮፔለሩ እንደነገሩ ሲዞርም ሙሉ ብልጭታ ይሰጣል። የሞቀ ሞተር ማስነሣት እንዴት እንደሚያሰድብ ያውቃሉ።

መካኒኩ፦ እሱን አውቃለሁ፤ እሱን አትንገሪኝ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሣጥኑ መቼ 25፣ መቼ 35 እንደሚሰጥ በምን ያውቃል?

መሐንዲሷ፦ በሁለት ነገር፤ በዙሩ ፍጥነትና ወደ ሲሊንደሮቹ አየር በሚያስገባው ማኒፎልድ ግፊት። ከማኒፎልዱ ቀጭን ቱቦ ይመጣለታል። ግፊቱ ዝቅ ሲል እሳቱን ያስቀድማል፣ ከፍ ሲል ይመልሰዋል።

መካኒኩ፦ ቱቦው ቢወልቅስ?

መሐንዲሷ፦ የውጭውን አየር ያነብባል። የእኔ ሞተር ቱርቦ ስለሌለው የውጭው ግፊት ከማኒፎልዱ አያንስም፤ ስለዚህ ታይሚንጉ፣ እሳቱ የሚሰጥበት ጊዜ ማለት ነው፣ ወደ ኋላ ነው የሚመለሰው። ትንሽ ቤንዚን አባክናለሁ እንጂ የሚጎዳ ነገር የለም።

መካኒኩ፦ ጥሩ ነው። ቢዘጋስ? ላይ ሳለሽ፣ ግፊቱ ዝቅ ባለበት ሰዓት ቢታጠፍ ወይም የውኃ ጠብታ ቢቋጥርበት፣ ከዚያ ወርደሽ ለማረፍ ስትሞክሪ እንደገና ለመውጣት ሙሉ ጋዝ ብትሰጪስ?

መሐንዲሷ፦ ...

መካኒኩ፦ ዝም አልሽ።

መሐንዲሷ፦ እያሰብኩ ነው። አሮጌውን ዝቅተኛ ግፊት እንደያዘ ይቀራል፤ 35 ዲግሪ በሙሉ ጉልበት ላይ። እሺ፤ ቱቦው ከማኒፎልዱ ወደ ሣጥኑ ሽቅብ ይሄዳል፣ ሹል መታጠፊያ አይኖረውም፣ ከጭስ ማውጫውም ይርቃል።

መካኒኩ፦ ገና ወደ ትልቁ ነገር አልመጣንም። ከማግኔቶው ወደ ማብሪያው የምትሄደዋ ሽቦ ብትበጠስ ምን ይሆናል?

መሐንዲሷ፦ ማግኔቶው አይጠፋም። የሚያጠፋው በዚያች ሽቦ በኩል ከግራውንድ ጋር ሲገናኝ ስለሆነ፣ ቁልፉን ነቅዬም እሳት ይሰጣል።

መካኒኩ፦ ፕሮፔለሩን በእጁ የነካ ሰው ሊሞት ይችላል። ማግኔቶ እንግዲህ መሬት ላይ አደገኛ፣ አየር ላይ ታማኝ ነው፤ ሽቦው ሲበጠስ ሞተሩ መዞሩን ይቀጥላል። ከባትሪ የሚበላው ሣጥንሽስ? ሽቦው ቢበጠስ?

መሐንዲሷ፦ ይጠፋል። መሬት ላይ ማንንም አይጎዳም፤ አየር ላይ ግን...

መካኒኩ፦ አየር ላይ ግን አለቀ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የዘመን ጉዳይ አይደለም፤ ሲበላሹ ወዴት እንደሚወድቁ ነው። እስከ ዛሬ የሞተርሽ ሕይወት በሞተሩ ውስጥ ነበር። ሁለቱንም ባወለቅሽ ቀን ሕይወቱ ከሞተሩ ወጥቶ አንቺ በዘረጋሽው ሽቦ፣ አንቺ በጨፈለቅሽው ተርሚናል፣ አንቺ ባሠርሽው ግራውንድ ላይ ይንጠለጠላል።

መሐንዲሷ፦ ጋሼ፣ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ እኮ ነኝ።

መካኒኩ፦ ለዚህ ነው የፈራሁት። ሽቦ የማያውቅ ሰው እየተጠነቀቀ ነው የሚሠራው።

መሐንዲሷ፦ ይሳቁብኝ። ግን ሁለት አይደሉም እንዴ? አንዱ ሲጠፋ ሌላው አለ።

መካኒኩ፦ ሁለት ናቸው ወይስ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ? የዚህ አገር ሕግ ፈቃድ የሚሰጠው ሞተር ሁለት የኢግኒሽን ሥርዓት፣ በየሲሊንደሩ ቢያንስ ሁለት ካንዴላ፣ ሁለት የተለያየ የኤሌክትሪክ ዑደትና ሁለት የተለያየ የኃይል ምንጭ እንዲኖረው ይጠይቃል፤ ወይም አየር ላይ እኩል የሚታመን ነገር። ቃሉን ልብ በይ፤ የተለያየ ምንጭ። አንቺ በእጅሽ ስለሠራሽው ይህ አንቀጽ አያስገድድሽም። ነጻነትሽ ደግሞ ጥሩ ነው፤ እኔ የማከብረው ነገር ነው። ግን ሁለቱንም ሣጥን በአንድ ባትሪ ላይ ብታስሪ፣ ወደ ባትሪው የምትሄደዋ አንዲት የግራውንድ ብሎን ስትላላ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። የዲናሞው ሬጉሌተር ቢበላሽና ቮልቱ ሽቅብ ቢወጣ፣ ሁለቱም ያንኑ ቮልት ነው የሚጠጡት። የሊቲየም ባትሪ ከሆነ ደግሞ በውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ራሱን ለማዳን ሊቆርጥ ይችላል፤ ባትሪው ይድናል፣ አንቺ ሜዳ ትፈልጊያለሽ።

መሐንዲሷ፦ ለዚያ መጠባበቂያ ባትሪ አለ፤ ከዋናው የተለየ። እያንዳንዱ ሣጥን የሚበላው ከ1 እስከ 2 አምፔር ነው፤ ትንሽ ባትሪ እንኳን ማረፊያ እስክደርስ ይበቃኛል። ከመጠን ያለፈ ቮልት የሚቆርጥ መከላከያም ይገጠማል።

መካኒኩ፦ ከዚያ መጠባበቂያውን የሚሞላው፣ በየጊዜው የሚፈትሸው፣ ሲያረጅ የሚቀይረው ማነው? አንቺ። አየሽ፤ የማግኔቶውን ምርመራ ሸሽተሽ የባትሪ ምርመራ ውስጥ ገባሽ።

መሐንዲሷ፦ ሮታክስ 912 ሞተርንስ ምን ይሉታል? ገበያ ላይ ከወጣበት ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፑንቲና የለውም፤ ሁለቱም ኤሌክትሮኒክ ናቸው። በዓለም ላይ ስንት ትንንሽ አውሮፕላን ነው በእሱ የሚበርረው! አንድም ማግኔቶ የለበትም።

መካኒኩ፦ ጥሩ አመጣሽ። የሮታክሱ ሣጥን ኃይሉን ከየት ነው የሚያመጣው?

መሐንዲሷ፦ ከሞተሩ ጀርባ ካለው ጄኔሬተር።

መካኒኩ፦ ከጄኔሬተሩ ውስጥ ለኢግኒሽን ብቻ ተለይተው ከተጠመጠሙ ቦቢናዎች። ባትሪውን ብትነቅዪው ሞተሩ አይጠፋም። ፑንቲናውን ጣሉት እንጂ የማግኔቶውን ሐሳብ አልጣሉትም። የኦስትሪያ ሰዎች ከእኔ ጋር ናቸው።

መሐንዲሷ፦ ከእርስዎ ጋር ሳይሆን በመሃላችን ናቸው። እንግዲያው ይህንን ይዩት። ፒ-ማግ ይሉታል፤ ቴክሳስ ውስጥ ነው የሚሠራው። ማግኔቶው ከወረደበት ቀዳዳ ላይ ይቀመጣል፣ በዚያው ጥርስ ይዞራል፣ በሆዱ ውስጥም የራሱ ትንሽ ጄኔሬተር አለው። ለማስነሣት ከባትሪ ይወስዳል፤ ሞተሩ ፈጠን ብሎ መዞር ከጀመረ በኋላ ግን ባትሪው ቢጠፋም ራሱን ይመግባል። የሚጠፋውም ልክ እንደ ማግኔቶ በግራውንድ ነው።

መካኒኩ፦ እህ! ይህንን መጀመሪያ አታወጪውም ኖሯል?

መሐንዲሷ፦ መጀመሪያ ባወጣው ቡናው አጭር ይሆን ነበር። ታይሚንጉ እንዴት እንደሚያዝ ልንገርዎት፤ ይስቃሉ። ፒስተኑን ጫፍ ላይ ያደርሱታል፣ መብራቱን ያበሩና የግፊቱን ቱቦ አፍዎ ውስጥ አድርገው እፍ ይላሉ። በቃ፤ ሣጥኑ ዜሮው እዚህ ነው ብሎ ይይዛል።

መካኒኩ፦ እፍ!? እኛ ማግኔቶ በድምፅ ሰጪ መሣሪያ ስናስተካክል፣ ፑንቲናው የሚከፍትባትን ፀጉር የምታክል ቦታ ስንፈልግ ከሰዓት በኋላው ያልቅ ነበር። እፍ ማለቱ ደስ ይላል፤ ግን ሣጥኑ የሚያምነው አንቺ ጫፍ ነው ያልሽውን ነው። ጫፉን በ5 ዲግሪ ከሳትሽ ሞተሩ ዕድሜ ልኩን በ5 ዲግሪ ይሳሳታል፤ አንዳች የሚያርመው የለም። ስለዚህ እጅሽ አይፍጠን። አንደኛው ሲሊንደር ከፊት በቀኝ በኩል ያለው ነው፤ የላይኛውን ካንዴላ ፍቺና በአውራ ጣትሽ ድፈኚው፣ ግፊት ሲገፋሽ ያ የመጭመቂያው ምት ነው። ከዚያ ቮላኖው ላይ ያለችውን ምልክት ሞቶሪኖው ላይ ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ጋር አገናኚ። ምልክቶቹ ብዙ ናቸው፤ የጫፉንና የ25ቱን አታምታቺ።

መሐንዲሷ፦ ማግኔቶው ሲወርድ ቀዳዳውን በጨርቅ እሸፍነዋለሁ።

መካኒኩ፦ የማይጠፋ ጨርቅ! እዚያ ውስጥ የወደቀች አንዲት ዋሸር ሞተሩን ታስፈታሻለች። ደግሞ ኢምፐልስ ያለው ማግኔቶ ከስሩ ውፍረት ያለው ማራዘሚያ አለው፣ ብሎኖቹም ረጃጅም ናቸው፤ አዲሱ ሲገባ ማራዘሚያው ይወጣል፣ ብሎኖቹም ይቀየራሉ። ይህንን ብዙ ሰው እቃው ተፈትቶ ወለል ላይ ከተበተነ በኋላ ነው የሚያውቀው። ካንዴላውስ?

መሐንዲሷ፦ የመኪና ካንዴላ፤ ጥቂት ዶላር ነው፣ ለአውሮፕላኑ የሚሸጠው ያንን ብዙ እጥፍ ነው። የሲሊንደሩ ቀዳዳ 18 ሚሊሜትር ስለሆነ ወደ 14 የሚያጠብ አስማሚ ይገባል። ክፍተቱም ይሰፋል፤ ለማግኔቶ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳን የማይሞላ ነበር፣ አሁን 0.8 ገደማ ይሆናል። ሰፊ ክፍተት፣ ረጅም እሳት፤ የቤንዚኑ እርሳስም በቀላሉ አይደፍነውም።

መካኒኩ፦ ሬዚስተር ያለውን ግዢ፤ ሬዲዮሽ ላይ እንዳይጮህ። ሽቦውንም በቲን አትበይጂው፤ በልኩ መጨፍለቂያ ጨፍልቂው። ብየዳው ያለቀበት ቦታ ላይ ሽቦው ይደርቃል፣ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ እዚያው ላይ ይበጠሳል። ለመሆኑ ከየት ነው ኃይሉን የምትሰጪው?

መሐንዲሷ፦ ከዋናው ማብሪያ ኋላ፣ ከሌሎቹ ጋር...

መካኒኩ፦ አይሆንም! ኮክፒትሽ ውስጥ ጭስ ሸተተሽ እንበል። መጀመሪያ እጅሽ የሚሄደው የት ነው?

መሐንዲሷ፦ ዋናውን ማብሪያ ማጥፋት። ኦ...

መካኒኩ፦ ጭሱንም ሞተሩንም አብረሽ ታጠፊያለሽ። ይሄኛው ራሱን ይመግባል ብለሽ አትመኪ፤ የኢግኒሽን ሽቦ የራሱ ብሬከር ተደርጎለት በቀጥታ ከባትሪው ይሂድ። ብሬከሩ ደግሞ እጅሽ የሚደርስበት ቦታ ይሁን፤ ከመነሣትሽ በፊት ሞተሩን አፍጥነሽ ብሬከሩን ስበሽ ማየት አለብሽ። ሳብሽው፣ ሞተሩ ቀጠለ? የውስጡ ጄኔሬተር አለ ማለት ነው። ይህንን ካልፈተሽሽው ራሱን የሚመግብ ሣጥን ይኑርሽ አይኑርሽ አታውቂውም።

መሐንዲሷ፦ ሙቀቱስ አያሳስብዎትም? እኔን ከሁሉም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ኤሌክትሮኒክሱ ሞተሩ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ነው የሚኖረው። በበረራ ላይ እንኳን አየር አለ፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ግን ሙቀቱ ሽፋኑ ውስጥ ታፍኖ ይቀራል።

መካኒኩ፦ ቀዝቃዛ አየር የሚያመጣ ቱቦ ስጪው፣ ስታቆሚም የዘይት መፈተሻውን በር ክፍት ተዪው። ከዚያ በላይ እኔም መድኃኒት የለኝም። ማግኔቶ እንዲህ አያለቅስም ነበር።

መሐንዲሷ፦ ማግኔቶ ያለቅሳል፤ እርስዎ ለምደውት ነው እንጂ። እሺ፣ ሁለቱንም አላወርድም። አንዱን አወርዳለሁ፤ ሌላው ማግኔቶ ሆኖ ይቆይ። አብዛኛው ጥቅም ከመጀመሪያው ነው የሚገኘው፤ እሳቱ ቀድሞ በአንዱ ካንዴላ ከተነሣ፣ ዘግይቶ የሚመጣው ብዙ የሚጨምረው የለም።

መካኒኩ፦ ሲበላሹም በአንድ ምክንያት አይበላሹም። አንዱ ፑንቲናው ሲበላ፣ ሌላው ቺፑ ሲሞቅ። የትኛውን ነው የምታወርጂው?

መሐንዲሷ፦ ግራውን፤ ኢምፐልስ ያለውን።

መካኒኩ፦ ባትሪ ሲሞትብሽስ? ፕሮፔለሩ በእጅ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሣልሽ እሱ ነው።

መሐንዲሷ፦ ጋሼ፣ ባትሪ ሞቶብኝ በእጄ ፕሮፔለር አላዞርም። ባትሪ እሞላለሁ።

መካኒኩ፦ እንግዲያው ግራው ይውረድ። ግን ቀኙ ኢምፐልስ የለውም፤ ስታስነሺ በ25 ዲግሪ ላይ እሳት ከሰጠ ሞተሩን ወደ ኋላ ይመታዋል፣ ሞቶሪኖውንም ይሰብረዋል። ቁልፉ ጀርባ ያለችው ጀምፐር በማስነሻው ጊዜ ቀኙን ወደ ግራውንድ የምታደርግ ናት፤ እንዳትነኪያት። ፍተሻውም ይለወጥብሻል። ዱሮ አንዱን ስታጠፊ ዙሩ ቢበዛ 175 ይወርዳል፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም ከ50 አይበልጥም ተብለሽ ነበር። አሁን ማግኔቶውን ስታጠፊ ምንም የወረደ አይመስልሽም፤ ኤሌክትሮኒኩን ስታጠፊ ደግሞ ይወርዳል። አትደንግጪ፤ የመጀመሪያውን ቀን ቁጥር ጻፊና ወደፊት ከእሱ ጋር አወዳድሪ።

መሐንዲሷ፦ ወረቀቱንም አስቤበታለሁ። ትልቅ ለውጥ ስለሆነ ወደ ሙከራ በረራ እመለሳለሁ፤ ቢያንስ 5 ሰዓት፣ ሰው ሳልጭን፣ በተፈቀደልኝ አካባቢ። የሲሊንደር ራሶቹን ሙቀት እከታተላለሁ፤ እሳቱ ሲቀድም ሙቀቱ ይጨምራልና። 400 ፋራናይት ካለፈ ታይሚንጉን እመልሳለሁ።

መካኒኩ፦ ላይካሚንግ ቀይ መስመሩን 500 ላይ ቢያደርገውም 400 ብለሽ መያዝሽ ደግ ነው። ፕሮፔለሩስ?

መሐንዲሷ፦ ፕሮፔለሩ ምን ሆነ?

መካኒኩ፦ የብረት ነው አይደል? ፋብሪካው ያንን ብረት የፈተሸው በማግኔቶ እሳት በሚመታ ሞተር ላይ ነው። እሳቱ ሲቀድም ፒስተኑ ላይ የሚያርፈው ምት ይለወጣል፣ ምቱ ክራንክ ሻፍቱን ይጠመዝዛል፣ ጥምዘዛው ፕሮፔለሩ ጫፍ ድረስ ይሄዳል። በአንዳንድ ዙር ላይ ብረቱ የማይወደው ንዝረት ሊመጣ ይችላል። ከዚህ እስከዚህ ዙር አትቆዪ የሚል ገደብ ሊሰጡሽም ይችላሉ። የእንጨት ቢሆን ኖሮ ብዙ ባልጠየቅሁሽ።

መሐንዲሷ፦ ለፕሮፔለሩ ፋብሪካ እንኳን አልደወልኩም።

መካኒኩ፦ ሰኞ ደውዪ። የሞተሩን ሞዴል፣ የፒስተኑን ዓይነት፣ የሣጥኑን ስም ንገሪያቸውና መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ። እስከዚያ ድረስ አንዲት ብሎን እንዳትፈቺ።